ስለ ስካር ደዌና ስለ ሕክምናው
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ግሽ ዓባይ የታላቁ ወንዝ ምንጭ ስለ ሆነ፥ ሕዝብ ከሩቅም ከቅርብም ወደ ሰከላ እየወጣ በጠበሉ ይጠመቃል። ከሚመጡትም ሕሙማን መካከል አረቄ ያሸነፋቸው ሰዎች አይታጡም። እንዲህ ስላለው ሰው ሁለት ነገር ይባላል። አንዳንዱ «ሰነፍ ነው፤ ቢፈቅድ በተወው ነበር» ይላል፤ ሌላውም «መንፈስ ይዞታል» ይላል። የሐኪሞች ምርምር ግን ሦስተኛ ነገር ያስረዳል፤ ይኸውም ስካር ሲሰነብት ደዌ መሆኑን፥ ደዌውም መለኪያና ሕክምና ያለው መሆኑን ነው። ከዚህም ጋራ ብዙ ሰው ያላወቀው አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ መጠጥ ከሰውነቱ ጋራ የተዋሐደ ሰው በአንድ ቀን በድንገት ቢያቋርጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከመሐላው አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በጎጃም አገር ሰርግና ተዝካር፥ ማኅበርና ሰንበቴ ያለ ጠላ አይታሰብም፤ ጠላ ዘመድ የሚሰበሰብበት ነውና ይህ ንግግር በእርሱ ላይ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን መጠጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰውን የሚያሰክረው ነገር አልኮል ይባላል። በጠላ ውስጥ የሚገኘው ከመቶ ከ2 እስከ 6 ያህል፥ በጠጅም 10 ገደማ ነው። አረቄ ግን ከዳጉሳ፥ ከብቅልና ከጌሾ የተጠነሰሰው ድፍድፍ በእሳት ተንኖ፥ በሸንበቆ ወርዶ የሚጠራቀም ስለ ሆነ ከመቶ 30 ያልፋል፤ ዳግም የወጣው ደግሞ ከ40 ይበልጣል። እንግዲህ አንዲት መለኪያ አረቄ አንድ ዋንጫ ጠላ የሚይዘውን ያህል አልኮል ትይዛለች ማለት ነው። ጠላ የጠጣ ሰው ሆዱ ሲሞላ ይበቃዋል፤ አረቄ የጠጣ ሰው ግን ሆዱ ሳይሞላ አእምሮው ይጠፋል።

ልማድ ወደ ደዌ የሚለወጥበት መንገድ እንዲህ ነው። አልኮል የአንጎልን ሥራ የሚያደነዝዝ ነገር ነው። ሰውየው ዘወትር ሲጠጣ አንጎሉ ድንዛዜውን ለመቋቋም ራሱን አብልጦ ያነቃል። ይህም ሁለት ጎረምሶች አንዱ ከውጭ ሌላው ከውስጥ ሆነው አንዱን በር እንደሚገፉት ያለ ነው። ሁለቱ ሲገፉ በሩ ጸንቶ ይቆማል፤ አንዱ በድንገት ቢለቅ ግን ሌላው ከነበሩ ይወድቃል። የመጠጡ ግፊት በድንገት ሲቀር የሚነቃው የአንጎል ኀይል ብቻውን ይቀርና ሰውነትን ያናውጣል። ስካር የአእምሮ ደዌ ነው የሚለው አሳብ ዛሬ የተዠመረ አይደለም፤ ቶማስ ትሮተር የሚባል የመርከበኞች ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1804 ባሳተመው መጽሐፍ አስቀድሞ ጽፎታል።

በኢትዮጵያም በገጠር ሕዝብ መካከል ምርምር ተደርጓል። የአእምሮ ሐኪሙ አታላይ ዓለም ከባልደረቦቻቸው ጋራ በቡታጅራ አካባቢ 10,468 ሰዎች ተጠይቀው የተገኘውን ውጤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 አሳተሙ፤ ከተጠየቁትም ከመቶ 3.7 የሚሆኑት የመጠጥ ችግር ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ከዚያም በኋላ በሶዶ ወረዳ 1,500 ሰዎች በሌላ መጠይቅ ተመርምረው፥ በ2019 የወጣው ጽሑፍ ከወንዶቹ ከመቶ 25.8፥ ከሴቶቹም ከመቶ 2.4 በመጠጥ የታመሙ መሆናቸውን ገለጠ። መጠይቁ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ሁለቱን ቍጥር ማስተያየት አይገባም። ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው በሶዶ የተገኘው ሌላው ነገር ነው፤ ደዌው ከጸናባቸው ሰዎች ከመቶ 87 የሚሆኑት አንድ ቀን እንኳ ሕክምና ፈልገው አያውቁም። ከነዚሁም ብዙዎቹ በራሳቸው እጅግ የሚያፍሩ ነበሩ። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት በእነዚህ ሰዎች ላይ ተፈጸመ።

ደዌውን ለመለየት ሐኪሞች ከሚጠይቁት ውስጥ አራት አጭር ጥያቄዎች አሉ፤ መምህርም ሽማግሌም ሊይዛቸው ይችላል። መዠመሪያ፥ መጠጥህን መቀነስ አለብኝ ብለህ ታውቃለህን? ሁለተኛ፥ ሰዎች ስለ መጠጥህ ሲናገሩህ ትቈጣለህን? ሦስተኛ፥ ስለ መጠጣትህ ተጸጽተህ ታውቃለህን? አራተኛ፥ ማለዳ ስትነሣ እጅህ እንዲጸና ወይም ራስህ እንዲለቅህ ብለህ ትጠጣለህን? ከነዚህ ለሁለቱ «አዎን» ያለ ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ። አራተኛውን «አዎን» ያለ ግን ብቻውን መጠጥ እንዳያቋርጥ ይጠበቅ።

ስለዚህ ነገር አንድ ምሳሌ ይነገር። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚኖር አንድ ገበሬ ዐሥር ዓመት ሙሉ ማለዳ አረቄ ሳይቀምስ ሞፈር ጨብጦ አያውቅም እንበል። በሬው ተሸጠ፤ ሚስቱም ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ገባች። በዚህ ጊዜ ሰውየው አዝኖ፥ በንስሐ አባቱ ፊት ቆሞ፥ ከዛሬ ዠምሮ አልቀምስም ብሎ ማለ። አሳቡ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በዚያው ማታ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ያልበዋል፥ ያስመልሰዋል፥ እንቅልፍም ያጣል። በማግሥቱ፥ የሚጥል በሽታ ያልነበረበት ሰው ወድቆ ይንፈራገጣል። በሦስተኛው ቀን ሰውነቱ እየጋለ የሌለውን ያያል፥ ከሌለ ሰው ጋራ ይነጋገራል። ጎረቤቶቹም ይህን ሲያዩ «መሐላው ያዘው» ወይም «ዛር ነው» ብለው፥ እጁን አስረው፥ እህል ሳይቀምስ ዳገት ያስወጡታል። ይህ የደዌው ጽኑ ሰዓት ነው፤ ሐኪም ካልደረሰለት ሊሞት ይችላል። መጠጥ ያቋረጠ ሁሉ እንዲህ አይሆንም፤ ብዙ ዘመን ዕለት ዕለት የጠጣ፥ ከዚህም በፊት ባቋረጠ ጊዜ የወደቀ ሰው ግን እጅግ ያሰጋል።

ሕክምናው በሁለት ይከፈላል። የመዠመሪያው ሰውየውን በደኅና ከመጠጥ ማላቀቅ ነው። ሐኪሙ ዲያዜፓም የሚባለውን ወይም እርሱን የመሰለ መድኃኒት ለጥቂት ቀን እያሳነሰ ይሰጠዋል፤ ይህም የነቃውን አንጎል ቀስ አድርጎ ያበርደዋል። ብዙ የሚጠጣ ሰው ምግብ ስለሚያጎድል ቫይታሚን ቢ አንድም ይሰጠዋል፤ ይህ ቢጎድል አእምሮና ዐይን ይጎዳሉና። ሁለተኛው ክፍል ረጅም ነው፤ ምክርና ክትትል ነው። በ1948 ሁለት የዴንማርክ ሰዎች ዳይሰልፊራም የሚባለውን መድኃኒት ለዚህ ሥራ አዋሉት፤ እርሱን የወሰደ ሰው መጠጥ ቢቀምስ ፊቱ ይቀላል፥ ልቡ ይመታል፥ ያስመልሰዋል። ነገር ግን ይህን መድኃኒት ሳያሳውቁ በምግብ ደብቆ መስጠት ሰውን ሊገድል ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

ሕክምናውን ለመፈለግ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ይዠመራል፤ ከዚያም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፥ ቢያስፈልግም ወደ ባሕር ዳር ይታለፋል፤ በአዲስ አበባም የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ።

«ጠበሉስ ይቅርን?» የሚል ጠያቂ ይነሣል። አይቀርም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓመተ ምሕረት ስለ ኤድስ ሕሙማን ሲናገሩ፥ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ አስታውቀዋል። በስካር ደዌም እንዲሁ ሊሆን ይገባል። ካህኑ ከማስማሉ አስቀድሞ አራተኛዋን ጥያቄ ይጠይቀው፤ ሐኪሙም ሕሙሙን ከጠበሉ አይከልክለው።

ከዳነም በኋላ ዳግመኛ የሚወድቅ ብዙ ነው። ወባ የያዘው ሰው ዳግመኛ ቢያመው ማንም «ከዳን» አይለውም፤ ወደ ሕክምናው ይመልሰዋል እንጂ። ለሰካራሙም እንዲህ ይደረግለት፤ መሐላውን አፈረሰ ብሎ ማዋረድ ኀፍረቱን ያበዛበታል፥ ኀፍረቱም ወደ አረቄ ቤት ይመልሰዋል። በማኅበርና በድግስ ላይ የተወውን ሰው «በሞቴ» እያሉ ዋንጫ ማስጨበጥ ይቅር። ብርዝ ይቀዳለት፤ ብርዝ የክብር መጠጥ ነውና አያሳፍረውም። አረቄ የምታወጣውንም ሴት መስደብ አይገባም፤ ልጆቿን የምታሳድገው በእርሱ ነውና ሌላ ሥራ እንድታገኝ መርዳት ይሻላል።

መምህራን ሆይ፥ ማለዳ እያንቀላፋ የሚመጣውን፥ አረቄ ግዛ ተብሎ የሚላከውን ልጅ አስተውሉ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የሚያሰክር መጠጥ መሸጥ በ2011 ዓመተ ምሕረት በወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ተከልክሏል። ይህንም ለወላጆች አስረዱ፤ ልጁን ግን «የሰካራም ልጅ» ተብሎ በጓደኞቹ ፊት እንዳይዋረድ ጠብቁት።

ዓባይ ከግሽ ስትወጣ ታናሽ ጅረት ናት፤ ሕፃን ልጅ ይዘላታል። ከጣና ወዲያ ግን ያለ ድልድይ ወይም ያለ ታንኳ የሚሻገራት የለም። የስካር ደዌም እንዲሁ ነው። እጅ መንቀጥቀጥ ሳይዠምር የሚመክር ሽማግሌ ብዙ ሳይደክም ወንድሙን ያሻግራል፤ ከዘገየ ግን ብቻውን አይድከም፥ ታንኳ የያዘውን ሐኪም ይጥራ።