ከመጋረጃው ጥግ ያለው መስቀል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ ስለ አንድ ሥዕል እንነጋገራለን። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም። ሐንስ ሆልባይን የተባለ የጀርመን አገር ሠዓሊ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1533 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሣለው ነው፤ «አምባሳደሮቹ» ይባላል። ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን በብሔራዊው የሥዕል ቤት ይገኛል። ቁመቱም ወርዱም ከሁለት ሜትር ስለሚበልጥ፣ የተሣሉት ሰዎች በቁመታቸው ልክ ቆመው ይታያሉ።

ሰዎቹ ሁለት ናቸው። በግራ የቆመው ዣን ደ ዳንትቪል በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘንድ የፈረንሳይ አምባሳደር ነበረ፤ በቀኝ ያለው ወዳጁ ዦርዥ ደ ሴልቭ ለላቮር ከተማ ጵጵስና የተሰየመ ነው። በመካከላቸው ባለው መደርደሪያ ላይ የሰማይና የምድር ሉል፣ በፀሐይ ሰዓትን የሚለኩ መሣሪያዎች፣ የሒሳብና የመዝሙር መጻሕፍት፣ ባለ አውታር የዜማ ዕቃም ተደርድረዋል። ከአውታሮቹ አንዱ ተበጥሷል። በዚያ ዘመን የምዕራብ ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው ተለያይተው ነበርና፣ ብዙዎች ይህን የመለያየት ምልክት አድርገው ይተረጕሙታል። ተርጓሚ አንዳንድ ጊዜ ከሠዓሊው ይልቅ እንደሚያበዛ እኛ በትርጓሜ ቤት የዋልን ሰዎች እናውቃለን፤ ይህ ግን ከነገሩ የራቀ አይመስለኝም።

በሰዎቹ እግር ሥር፣ በወለሉ ላይ፣ ምንነቱ የማይለይ ረዥም ግራጫ ነገር ተጋድሞ ይታያል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው የቀለም ስሕተት ሊለው ይችላል። ነገር ግን ወደ ሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ ሄዶ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በአግድመት ሲመለከት፣ ያ የተዛባው ነገር ተሰብስቦ የሰው የራስ ቅል ይሆናል። ሠዓሊው ቅሉን ስቦ ያስረዘመው በዚያ ሥፍራ ለሚቆም ዓይን ብቻ እንዲቀና ነው። የሚያስደንቀው ግን ሌላው ነው። ቅሉ በቀና ጊዜ መኳንንቱ ይጠባሉ፤ ካባውም፣ ሉሉም፣ መጻሕፍቱም ቅርጻቸውን ያጣሉ። ሁለቱን በአንድ ሥፍራ ቆሞ አቅንቶ ማየት አይቻልም።

የታመመ ምእመን ለማናዘዝ የገባ ካህን ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። በጤናው ጊዜ ርስቱና ሹመቱ ቀጥ ብለው የቆሙለት፣ ሞት ግን በወለል ላይ እንደ ወደቀ ጥላ የነበረበት ሰው፣ አልጋ ላይ ሲውል የቆመበት ሥፍራ ይለወጥበታል። ያን ጊዜ ሞት ቀንቶ ይታየዋል፤ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ድንበር ያደረገው ሙግት ምን እንደ ነበረ ማስታወስ ይሳነዋል።

ሠዓሊው የሁለቱንም ዕድሜ ጽፎልናል፤ የአምባሳደሩን 29 በጩቤው አፎት ላይ፣ የወዳጁን 25 ክንዱን ባሳረፈበት መጽሐፍ ጠርዝ ላይ። ታናሹ ሥዕሉ በተሣለ በ8ኛው ዓመት፣ በ1541 ዓ.ም. ሞተ። ከእኛም ወጣቶች «ስሸመግል እቈርባለሁ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሽምግልናን ማን ቃል እንደ ገባላቸው ግን አልሰማሁም።

ገና አንድ ስውር ነገር ቀርቷል። ከሰዎቹ በስተኋላ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘርግቷል፤ በግራው የላይኛ ጥግ፣ ከመጋረጃው ዳር፣ የተሰቀለው ጌታችን እኩሌታው ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። የራስ ቅሉ ሥፍራ በመለወጥ ይቀናል፤ ያ መጋረጃ ግን ተመልካቹ ወዴትም ቢሄድ አይገለጥለትም። የእኛ ሠዓልያን መንገዳቸው ሌላ ነው። አዳም በጎልጎታ ተቀብሯል የሚለውን የአበው ትውፊት ተከትለው፣ በስቅለቱ ሥዕል ከመስቀሉ ግርጌ የአዳምን የራስ ቅል ያኖራሉ፤ ከጌታ ቍስል የሚወርደውም ደም በቅሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሞትና መድኃኒቱ በአንድ መሥመር ናቸው፤ ሕፃን እንኳ ፊት ለፊት ቆሞ ያያቸዋል። ፈረንጁ በእጅ ጥበብ ይበልጥ ይሆናል፤ እኔ ግን ለሚሞት ሰው የማሳየው የእኛን ነው።

ጌታ ነፍሱን በሰጠ ጊዜ የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች እንደ ተቀደደ ወንጌላውያን መስክረዋል። በእኛም መቅደስ በቍርባን ሰዓት መጋረጃው ይገለጣል፤ ካህናቱም ሥጋውንና ደሙን ይዘው ይወጣሉ። ያን ጊዜ በአብዛኛው ወደ ፊት የሚመጡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው፤ 25 እና 29 ዓመት የሆናቸው ከኋላ ቆመው ይመለከታሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።