የእናቶች ካባ፦ ዘመኑንና ዋጋውን ስለ መመርመር

በካርቱም ከተማ፣ በሪያድ ሰፈር ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የተነገረ ዲስኩር



በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ከዚህች ከተማ ብዙዎቻችንን በመተማ በኩል ወደ አገራችን፣ ሌሎቻችንንም ወደ ሌላ ስደት እንደ በተነ፣ የቀሩትንና የተመለሱትንም የቤታቸውን ዕቃ ሽጠው እንዲበሉ እንዳስገደደ ለእናንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛልና በቀጥታ ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ እገባለሁ። ችግር ሣጥን ባስከፈተ ጊዜ ከወርቁ ቀጥሎ ለገበያ የሚወጣው የአያት ካባ ነው፤ ነገር ግን ወርቁን የኦምዱርማን አንጥረኛ በሚዛን ሲመዝነው፣ ለካባው የተበጀ ሚዛን ስለሌለ ገዢው የቆረጠውን ተቀብሎ መሸኘት የተለመደ ሆኗል። እኔ ዛሬ የማስረዳው፣ የአንድ አሮጌ ካባ ዋጋ ከከፋዩና ከጥልፉ ይልቅ በምስክርነቱ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ ዘመኑ ሳይመረመርና ታሪኩ ሳይጻፍ የተሸጠ ካባ፣ የዋጋው ታላቅ ክፍል በነጻ የተሰጠ መሆኑን ነው።

የጥጥ ፈትልና ሽመና ከጥንት ጀምሮ የአገራችን ጥበብ ሲሆን፣ ከፋይና ግምጃ ግን ከባሕር ማዶ በምጽዋና በሌሎችም የንግድ በሮች ይገቡ ስለ ነበር፣ እነዚህን የለበሰ ሰው ከሩቅ በክብሩ ይታወቅ ነበር። ልብሱም ከባለቤቱ ሞት በኋላ ሁልጊዜ በቤት አይቀርም ነበር፤ ስለ ነፍስ መታሰቢያ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ መጋረጃ ወይም የካህናት ልብስ የሆነ አለ። የጥንት ብራና መጻሕፍትን ገበታ የገለጠ ሰው በቆዳው መካከል በውስጥ በኩል የተለጠፈ የግምጃ ወይም የከፋይ ቁራጭ አንዳንድ ጊዜ ያገኛል፤ መጽሐፉ የተጻፈበት ዘመን ከታወቀና ድጉሱ በኋላ ካልታደሰ፣ ያ ቁራጭ የሌላውን ጨርቅ ዘመን ለሚመረምር ሊቅ አስረጅ ይሆነዋል።

ምስክርነት ለልብስ ምን ያህል እንደሚጨምርለት ለማየት፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤትና የልዑል ዓለማየሁ እናት የነበሩትን የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ አብነት አድርገን እንውሰድ። የዐፄ ቴዎድሮስ አምባ መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ከወደቀ በኋላ፣ እቴጌይቱ ከዚያው ጦር ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ዐረፉ፤ በሐር ክር የተጠለፈው የጥጥ ቀሚሳቸው ግን ለንደን ደርሶ ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል፤ በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብም ለሕዝብ ታይቷል። ጥጥና ሐር በብዙ እመቤቶች ቤት የነበረ ነገር ነው፤ ይህን ቀሚስ ከሌሎቹ የለየው ግን የለባሿ ስም፣ የተወሰደበት ቦታና ዘመኑ ከልብሱ ሳይነጠሉ በመዝገብ መኖራቸው ነው።

ወደ ምርመራው ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ አንድ ልብስ በላዩ ከሚገኘው ከኋለኛው ነገር በዕድሜ ሊቀድም አይችልም፤ ያ ነገር በጥገና የተጨመረ ከሆነ ግን ፍርዱ በጥገናው ላይ እንጂ በልብሱ ላይ አይደለም። ስለዚህ መርማሪ የካባውን ፊት አድንቆ ከመፍረዱ በፊት ገልብጦ ገበሩን፣ የስፌቱን መስመርና የጥልፉን ጀርባ መመልከት ይገባዋል፤ ፊቱ ለሰው ዓይን የተሠራ ሲሆን፣ ጀርባው የሠሪውን እጅ የሚገልጥ ነውና።

ስፌቱ እኩል፣ ጥብቅና በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ከሆነ የመኪና ስፌት ነው፤ ሲንጀር የስፌት መኪናውን በአሜሪካ ያስመዘገበው በ1851 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ወደ አገራችን የገባውም ከዚያ በኋላ በመሆኑ፣ ዋናው ስፌቱ በመኪና የሆነ ካባ የዐፄ ቴዎድሮስ አባት ዘመን ነው ቢባል አይታመንም። የእጅ ስፌት ግን ዛሬም ስላልጠፋ ብቻውን ለጥንታዊነት ማስረጃ አይሆንም። ቀለሙን በተመለከተ፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ሐምራዊ ቀለም ያገኘው በ1856 እ.ኤ.አ. ነውና፣ እንዲህ ባለ ሰው ሠራሽ ቀለም የተነከረ ክር ከዚያ ዓመት አይቀድምም። ዚፕ የሃያኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው፤ ናይለንም ለዓለም የታወቀው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚመሰክረው የወርቀ ዘቦው ክር ነው። የጥንቱ ክር በሐር ወይም በጥጥ ፈትል ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የብር ወይም የመዳብ ልጥ በወርቅ የተቀባ ሲሆን፣ ከዘመን ብዛት ይጠቁራል፤ በፕላስቲክ የተለበጠው የአሁኑ ክር ግን ሳይጠቁር ያብለጨልጫል፣ እሳት ሲነካውም ይቀልጣል። ፈትሉን ለመለየት ከስፌቱ ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ወስዶ ማቃጠል ይበቃል፤ ሐር እንደ ጠጉር ይሸታል፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ናይለን ቀልጦ ይጠጥራል። በዚህ መንገድ ለሠርግና ለመልስ የሚሸጠውን የዛሬውን ካባ ከጥንቱ መለየት ይቻላል።

ዘመኑ ከታወቀ በኋላ ዋጋው በሦስት ይከፈላል፦ የጨርቁና የብሩ ዋጋ፣ የጥበበኛው እጅ ዋጋ፣ የምስክርነቱ ዋጋ። ሁለቱን ገዢው በዓይኑ ያያቸዋል፤ ሦስተኛውን ግን ሻጩ ካልነገረው አያውቀውም፣ ቢያውቅም አይከፍልበትም። ስለዚህ ማን እንደ ለበሰችው፣ ለየትኛው ሠርግ ወይም በዓል እንደ ተሰፋ፣ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ በሕይወት ካሉት አረጋውያን ጠይቆ በቀንና በስም መጻፍ ያስፈልጋል፤ ባለቤቲቱ ካባውን ደርባ የተነሣችው ፎቶግራፍ ከተገኘ ከቃል ሁሉ ይበልጣል። የእቴጌ ጣይቱ ነበር እያሉ ያለ ማስረጃ ማግነን ግን እውነተኛውንም ታሪክ ሐሰት ያስመስለዋል። እንዲሁም ካባውን ለማሳመር ብሎ ማጠብ፣ የጠቆረውን ክር መፈግፈግ፣ ያረጀውን ገበር በአዲስ መለወጥ፣ የምስክሩን አፍ በገዛ እጅ መዝጋት ነው፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፎ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከፀሐይ ማራቅ ይበቃል።

በመጨረሻ የሕጉ ነገር አለ። የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በሱዳንም የብሔራዊ ቤተ መዘክሩ ዕቃ ከተዘረፈ ወዲህ፣ ዩኔስኮ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የሱዳንን ቅርስ ከመነገድ ሁሉም እንዲታቀብ ስለ ጠየቀ፣ ከካርቱም የወጣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል፤ የአያቷን ካባ ይዛ የወጣች ሴትም ከወንበዴ የምትለየው በጽሑፏና በፎቶግራፏ ነው። ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀርበው በመንግሥታችን ጥያቄ ከሽያጭ መውጣታቸውም፣ ባለቤትነት ሳይጠራ የተቆረጠ ዋጋ እንደማይጸና ያስተምረናል።

ስለዚህ ክቡራት እመቤቶች፣ ዋጋ የሚገምትላችሁ ሰው ራሱ ገዢው እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ከአንድ በላይ ዐዋቂ ጠይቁ፤ ከቸገራችሁም በችግር ምክንያት መሸጥ ነውር አይደለምና ሽጡ። ነገር ግን የጻፋችሁትን ታሪክና የካባውን ፎቶግራፍ በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ አንዱን ለገዢው ስጡ፣ ሁለተኛውን ለልጆቻችሁ አኑሩ፤ ለገዢው የሰጣችሁት ዋጋችሁን ያስከብራል፣ ለልጆቻችሁ ያኖራችሁት ደግሞ ካባው ከቤት ቢወጣም የአያቶቻቸውን ታሪክ ያቆይላቸዋል።