የማረጥ ዋዜማና የሆርሞን ሕክምና
(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበራችን የጤና ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ እስካሁን ቡና ላይ በሹክሹክታ ሲወራ የቆየ ነው። የወር አበባ ሊቆም ሲቃረብ ስለሚመጣው ለውጥና ለዚያ ስለሚሰጠው የሆርሞን ሕክምና ነው። በስብሰባ ያነሣነው በምክንያት ነው። ከመካከላችን የልጇን የእርግዝና መከላከያ ክኒን «ሆርሞን ነው አሉ» ብላ የዋጠች አለች። ደም ሲፈስሳት «ማረጤ ነው» ብላ ወራት የታገሠችም አለች። ሁለቱም ያደረጉት የሚጠይቁት ሰው አጥተው ነው። ስለዚህ የዛሬው መልእክታችን አጭር ነው፦ መድኃኒቱ አለ፣ ለብዙዎችም ይጠቅማል፣ ነገር ግን ሳይመረመሩ የሚወሰድ አይደለም።

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይመጣ ሲቀር ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል። ከዚያ በፊት ያሉትን ጥቂት ዓመታት እኛ «የማረጥ ዋዜማ» ብለናቸዋል። በዚህ ጊዜ እንቁላል የሚያመርቱት እጢዎች ሥራቸውን እያቆሙ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ይላል። የወር አበባውም ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይበዛል፣ ያንሳል። ድንገት ከደረት ተነሥቶ ፊትን የሚያጋይ ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ መርሳት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የብልት መድረቅና በግንኙነት ጊዜ መታመም ይመጣል።

ደብረ ብርሃን ብርዳማ አገር ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚህ ብርድ በእኩለ ሌሊት ጋቢዋን ገፍፋ፣ መስኮት ከፍታ የምትቀመጥ ሴት ሲያዩ ቤተ ሰቡ «ምች ነው»፣ «የሰው ዓይን ነው» ቢል አይገርምም። ቆላ ወርዳ የምትነግድ እኅታችን ደግሞ ወባ ነው ብላ የወባ መድኃኒት ትገዛለች። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሌሊት ላብ ሁሉ የማረጥ ላብ አይደለም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ወባ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳልና የክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። የእንቅርት እጢ በሽታም ላብና የልብ መምታት ያመጣል። መለየት የሚቻለው በምርመራ ነው።

ማረጥ ራሱ በሽታ አይደለም። ብዙ እናቶቻችን ለቁርባን የሚበቁበት ጊዜ አድርገው በጉጉት ይጠብቁታል። የዋዜማው ጊዜ ግን ያስጨንቃል፤ «ቆመ» ሲሉት ከሦስት ወር በኋላ ይመለሳል። ሙስሊም እኅቶቻችንም ደሙ መምጫው ሲጠፋባቸው የሶላታቸውና የጾማቸው ነገር ያሳስባቸዋል። ይህንንም ያለ ኀፍረት ለሐኪም መንገር ይገባል።

አሁን ወደ ሆርሞኑ እንምጣ። ሕክምናው ሰውነት ያጎደለውን ኢስትሮጅን በትንሽ መጠን መተካት ነው። ለድንገተኛው ሙቀትና ለሌሊት ላብ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት እስካሁን የለም። አጥንት እንዳይሳሳም ይረዳል። ማኅፀኗ ያለ ሴት ግን ኢስትሮጅንን ብቻዋን መውሰድ የለባትም። ለብቻው ሲወሰድ የማኅፀኑን የውስጥ ግድግዳ ያወፍራል፣ ውሎ አድሮም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ፕሮጄስትሮን ወይም የእርሱ ዓይነት መድኃኒት አብሮ ይታዘዝላታል። ማኅፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ኢስትሮጅን ብቻ ይበቃታል። በክኒን፣ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር ወይም በሚቀባ ጄል ይሰጣል። ችግሯ የብልት መድረቅ ብቻ ለሆነ ደግሞ እዚያው ቦታ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ክሬም ይበቃል። እነዚህ ሁሉ በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኙ አይደሉምና ሐኪሙ የሚያዝዘው ባለው ነገር ነው።

የፈረስ አገር ሰዎች ነንና አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ የተፈቀደው ፕሪማሪን የተባለው ታዋቂ ክኒን የተሠራው ካረገዘች ባዝራ ሽንት በተጣራ ኢስትሮጅን ነው። ብዙ ሚሊዮን ሴቶች ወስደውታል። ከዚያ በሐምሌ 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2002) እዚያው አሜሪካ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በመሐል ተቋረጠ። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን አንድ ላይ ከወሰዱት መካከል የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋትና የአንጎል ምት በዝቶ ተገኘ። ዓለም ደነገጠ፤ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ።

የጡት ካንሰሩን ቁጥር በእርጋታ እንየው። መድኃኒቱን ካልወሰዱ 10,000 ሴቶች በዓመት 30 ያህሉ ሲያዙ፣ ከወሰዱት 10,000 ደግሞ 38 ያህሉ ተያዙ። ልዩነቱ 8 ነው። ለእነዚያ ስምንት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን «የወሰደች ሁሉ በካንሰር ትያዛለች» የሚለው ወሬም እውነት አይደለም። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜም 63 ነበር፤ አብዛኞቹ ካረጡ ዓመታት ያለፋቸው ናቸው። በኋላ መረጃው በዕድሜ ተለይቶ ሲታይ፣ ከ60 ዓመት በታች ላሉ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ ምልክቱ ለበረታባቸውና ሌላ ችግር ለሌላቸው ሴቶች ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን የሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተዋል። ከ40 ዓመት በፊት ያረጠች ሴት ደግሞ አጥንቷና ልቧ ቀድሞ ስለሚጎዳ የግድ ሐኪም ልታማክር ይገባል።

መውሰድ የሌለባቸውም አሉ። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ደም በእግሯ ወይም በሳንባዋ ረግቶ የሚያውቅ፣ የአንጎል ምት ወይም የልብ ድካም ምት የደረሰባት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ሴት አይታዘዝላትም። ደም ግፊት ያለባት አስቀድማ ግፊቷን ማስተካከል አለባት። ለእነዚህ እኅቶች ሆርሞን ያልሆኑ፣ ሙቀቱን የሚቀንሱ ሌሎች መድኃኒቶች ስላሉ ተስፋ አይቁረጡ።

የልጅን ወይም የጎረቤትን የእርግዝና መከላከያ ስለ መዋስ እንናገር። የተለመደው መከላከያ ክኒን በውስጡ ያለው ሆርሞን ለማረጥ ከሚሰጠው የበረታ ነው። ግፊቷ ከፍ ላለ የ45 ዓመት ሴት የአንጎል ምት ሊያስከትል ይችላል። የሦስት ወር መርፌው ደግሞ ኢስትሮጅን የለውም፤ የወር አበባን ስለሚያስቀርም የምትወጋ ሴት አርጣ ይሁን መርፌው ይሁን መለየት ያቅታታል። በሌላ በኩል ደግሞ በማረጥ ዋዜማ ማርገዝ ይቻላል፤ ለማረጥ የሚሰጠው ሆርሞንም እርግዝናን አይከላከልም። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ከመጨረሻው የወር አበባ በኋላ አንድ ዓመት፣ ከ50 በታች የሆነች ሁለት ዓመት መከላከሏን ብትቀጥል ይመከራል።

የአንኮበር መድኃኒት አዋቂዎች በዕፅዋት እውቀታቸው የታወቁ ናቸው፤ ተመራማሪዎችም መጥተው እውቀታቸውን መዝግበዋል። ያንን እናከብራለን። ጠበል የምትሄድም ትሂድ። ነገር ግን የምትጠጣውን ሥር ወይም ቅጠል ለሐኪሟ ትንገር፤ ከመድኃኒት ጋር የሚጋጭ ሊኖር ይችላልና። ተልባም ለአንጀት ጥሩ ነው፤ ለማረጥ ሙቀት በተሞከረ ጊዜ ግን ከማስመሰያ መድኃኒት የተለየ ውጤት አላሳየም። ቤት ውስጥ የሚረዳው ልብስን ደራርቦ ለብሶ ሙቀቱ ሲመጣ መቀነስ፣ አረቄና የሚያቃጥል ምግብ የሚያስነሣባት ከሆነ መተው፣ ማታ ማታ ቡና መቀነስ ነው። ለአጥንት ደግሞ ፀሐይ መሞቅ፣ መራመድና በፍስክ ቀን ወተትና አይብ አለመተው ነው።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አትርሱ። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ በሳምንቱ መታየት አለበት። ገና ላላረጠችም በግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም፣ ወይም በብዛት ፈስሶ የሚያደክም ደም ማረጥ ነው ተብሎ አይተውም። የማኅፀን በር ካንሰር ቶሎ ከተገኘ ይታከማል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ቅድመ ምርመራውን በጤና ጣቢያ ጠይቁ። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።

መንገዱ ይህ ነው። ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሩ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱና ግፊታችሁን ተለኩ። የጤና መድን ደብተር ያላችሁ ሪፈር አጽፋችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። «ዕድሜ ነው፣ ታገሺ» ብቻ ብሎ የሚመልሳችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ላብ ሌላ በሽታ አለመሆኑ ተረጋግጧል ወይ? ለእኔ ሆርሞን ይሆናል ወይስ አይሆንም፣ ለምን? መቼ ተመልሼ ልታይ?

ማኅበራችንም በበኩሉ ወስኗል። ደም የሚፈስሳት አባል የትራንስፖርት ገንዘብ ከመረዳጃ ሣጥናችን ይሰጣታል፤ ብቻዋን እንዳትሄድም አንዲት አባል ታጅባታለች። በየቡድኑ አንድ የደም ግፊት መለኪያ እንዲኖር እንፈልጋለን። ሥራችንን የምትደግፉ ወዳጆቻችን የምንጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። መለኪያውን የሚይዙ አባላትም በጤና ባለሙያ ይሠለጥናሉ።

እናቶቻችን ይህን ጊዜ ጥርሳቸውን ነክሰው አልፈውታል። ልጆቻችን ግን ከእኛ ሰምተው፣ ጠይቀው፣ ታክመው እንዲያልፉት እንፈልጋለን። ስለዚህ ዛሬ የሰማችሁትን ለአንዲት ጎረቤት ንገሩ፤ ክኒኑን ግን አታውሷት።