የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ማሟሸት፦ ሙቀት የሚሠራው ሥራ

ለምህንድስና ተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ሞተር ነው። ይዘቱ 6.5 ሲሲ ብቻ ቢሆንም በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። እንዲህ ያለ አዲስ ሞተር ከሳጥኑ እንደወጣ በሙሉ ጉልበቱ ሊሠራ አይገባም። ሾፌሮቻችን ይህን የመለማመጃ ጊዜ ሮዳጅ ይሉታል። እኔ ግን ማሟሸት የሚለውን ቃል እመርጣለሁ፤ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እየተቀባ በእሳት እንደሚሟሽ ሁሉ፣ እዚህም ሥራውን የሚሠሩት ዘይትና ሙቀት ናቸውና።

ከሙቀቱ ልጀምር፤ ስሕተት የሚበዛው በዚህ ላይ ነው። «ነዳጅ አብዝተህ፣ ቀዝቀዝ አድርገህ ለአንድ ሰዓት አሠራው» የሚል ምክር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። ምክሩ የተወለደው ፒስተናቸው የብረት ወይም ባለ ፋሻ በሆነበት ዘመን ነው። ለእነዚያ ሞተሮች ዛሬም ይሠራል፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ቀስ በቀስ ተፋጭቶ መግጠም ስላለበት ጊዜና ብዙ ዘይት ይፈልጋል። ዛሬ በገበያ የሚበዛው ግን ኤ ቢ ሲ የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙ የአሉሚኒየም፣ የናስና የክሮሚየም የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ነው፤ ፒስተኑ አሉሚኒየም፣ የሲሊንደሩ ቱቦ በክሮሚየም የተለበጠ ናስ ነው፤ ፋሻ የለውም።

ይህ ቱቦ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ፕሮፔለሩን በእጅ ብታዞሩት ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ጉድለት አይደለም፤ ታስቦ የተሠራ ነው። ናስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከመጠኑ 19 ሚሊዮንኛ ያህል ይሰፋል። የቱቦው ውስጠኛ ስፋት 21 ሚሊሜትር ቢሆንና የላይኛው ጫፍ ከታችኛው በ100 ዲግሪ ቢበልጥ፣ ጫፉ በ0.04 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ከፀጉር የቀጠነች ልዩነት ናት፤ ሞተሩ የሚኖረው ግን በእርሷ ነው። ቱቦው ትክክለኛ ቅርጹን የሚይዘው ሲግል ብቻ ነው። ስለዚህ ኤ ቢ ሲን በብዙ ነዳጅ አቀዝቅዞ ለረጅም ጊዜ ማሠራት ፒስተኑን በየዙሩ በጠባብ አንገት ውስጥ እንደ መቀርቀር ነው፤ ፒስተኑ ያለ ጊዜው ይበላል፣ ቢዬላውም በከንቱ ይጨነቃል። ከማስነሣት በፊት የሲሊንደሩን ራስ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ እንደ ቅንጦት ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን አጥብቄ እመክረዋለሁ።

«እንግዲያስ ነዳጁን ቀንሰን እናግለው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። አይሆንም! ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው፤ የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱ ከሜታኖሉ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከድብልቁ ከ18 እስከ 20 በመቶ ይሆናል። ሜታኖሉም ራሱ ሲተን ከቤንዚን ሦስት እጥፍ ገደማ ሙቀት ይወስዳል። እንግዲህ የነዳጁን መርፌ ስትዘጉ ነዳጁን ብቻ ሳይሆን ማለስለሻውንና ማቀዝቀዣውንም አብራችሁ ትቀንሳላችሁ። ለአዲስ ሞተር ከዘይቱ የተወሰነው የጉሎ ዘይት ቢሆን እመርጣለሁ፤ አጥቅሮ ያቆሽሻል፣ ነገር ግን ብረቱ ከልክ በላይ ሲግል ቶሎ አይከዳም።

መካከለኛውን የሚነግረን ጆሮ ነው። ነዳጅ ሲበዛ ይህ ሞተር በየዙሩ አይቀጣጠልም፤ አንዱን እያለፈ ይቀጣጠላል፣ ድምፁም ወፍራምና ጎርናና ይሆናል። መርፌው ቀስ እያለ ሲዘጋ በድንገት ወደ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሸጋገራል። ኤ ቢ ሲን የምናሟሸው ከዚህ መሸጋገሪያ ጥቂት አለፍ ብለን፣ ጭሱ ገና በግልጽ እየታየ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ካሠራን በኋላ አቁመን ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን፤ ከዚያ እንደገና። መጋልና መቀዝቀዙ ራሱ የሥራው አካል ነው። ፕሮፔለሩም ከተለመደው ጥቂት ያነሰ ቢሆን ጭነቱ ይቀላል። ልኩን ለመፈተን የነዳጁን ጎማ ቱቦ ለቅጽበት ቆንጠጥ አድርጉት፤ ዙሩ ከጨመረ ነዳጁ ገና ብዙ ነው፤ ወዲያው ከወደቀ መርፌው ይከፈት።

የአገራችንን ከፍታ ሳላነሣ አላልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚህ የተስተካከለ መርፌ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ በአንጻሩ ያንሳል። በጥንቃቄ የተሟሸ ሞተር በአንድ በረራ ሊቃጠል ይችላል፤ በአየር ላይ ሲቆም ደግሞ አውሮፕላኑ የት እንደሚወድቅ የሚመርጠው ሰው አይደለም። ስለዚህ በወረዳችሁበት ስፍራ መርፌውን ከፈት አድርጋችሁ ጀምሩ።

ሥራው ሲያበቃ የነዳጁን ቱቦ ነቅላችሁ በውስጡ የቀረው ተቃጥሎ እስኪያልቅ አሠሩት። ሜታኖል እርጥበት ይስባል፤ ኩሽኔታዎቹም ይዝጋሉ። ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምሩበት።

አሁን ወደ ወርክሾፑ እንውጣ። ከፕሮፔለሩ ፊትም ሆነ ጎን ማንም አይቁም፤ ሁላችሁም ከኋላ ሁኑ። ጥያቄ ያላችሁ ሞተሩ ሳይነሣ ጠይቁኝ፤ ከተነሣ በኋላ አልሰማችሁም።