የጠዋቷ የመጀመሪያ እርምጃ

ዛሬ ከአልጋ ወርዳችሁ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስትረግጡ ተረከዛችሁን እንደ ሚስማር የወጋችሁ አላችሁ? ጥቂት ከተራመዳችሁ በኋላስ ለቀቅ አደረጋችሁ? ብዙ ሰው ይህን ሕመም «ብርድ ነው» ብሎ ካልሲ ይደርብበታል። ምስኪን ብርድ፣ የማይሳበብበት ሕመም የለም!

አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው፣ የውስጥ እግርን ጎባጣ ደግፎ የሚይዘው ጠንካራ ጅማት ነው። ሌሊት ሲያርፍ ይኮማተራል፤ ጠዋት ድንገት ስንቆምበት ይለጠጣል። ቆመው የሚውሉ መምህራን፣ አስተናጋጆችና የጥበቃ ሠራተኞች በደንብ ያውቁታል። የሰውነት ክብደት መጨመርም፣ ሶሉ ያለቀ ጫማም ያባብሰዋል።

የሚድነው ቀስ ብሎ ነው፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ከአልጋ ሳትወርዱ የእግር ጣቶቻችሁን በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉ፤ ባታችሁንም አፍታቱ። ቤት ውስጥ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር አትመላለሱ። ውኃው በረዶ የሆነ ጠርሙስ በውስጥ እግር ማንከባለልም ያስታግሳል።

ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃታችሁ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና፣ ወጌሻ ከማሸቱ በፊት ራጅ ተነሡ።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ፣ እግራችሁን ባያማችሁም ማታ ማታ ውስጥ እግራችሁን ተመልከቱ። ነርቭ ሲጎዳ ቁስል ሳይሰማ ይሰፋል።