የነፋስ ተርባይንና የንስር መንገድ



ባሕር ያላቸው አገሮች የነፋስ ተርባይን ከባሕር ላይ ሲተክሉ የአዕዋፍን መንገድ ያጠናሉ። እኛ ባሕር ባይኖረን የንስር መንገድ አለን። ከመካከለኛው እስያ የሚሰደደው ንስር በመከር ባብ ኤል መንደብን ተሻግሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ የሚያንሳፍፈውም ከጋለ ቆላና ከገደል የሚነሣ ነፋስ ነው። ከሸዋ ሮቢት በላይ ያለው የይፋት ገደል እንዲህ ያለ ስፍራ ነው። መሐንዲሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነፋስ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ ማመንጫ በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋዋት እንዲሰጥ ተሠራ። ለቀወት ገበሬም መብራት ይገባዋል። ነገር ግን ንስር የሚያሳድገው ጫጩት ጥቂት ስለ ሆነ የሞተው ቶሎ አይተካም። እንግዲህ በይፋት ተርባይን ይተከል ቢባል፣ አስቀድሞ አዕዋፉ ይቈጠሩ፤ ተርባይኑ ከገደሉ አፋፍ ይራቅ፤ በግብፅ በስዌዝ ባሕረ ሰላጤ እንደሚደረገውም መንጋው ሲያልፍ ይቁም። ለቈጠራው እኛ ተማሪዎች ዐይንና ደብተር አናጣም።