የሚሮጠውን የደም ሕዋስ ስለ ማየት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዘንድሮ በሳይንስ ክፍል ጣታችንን ወግተን የገዛ ደማችንን በማይክሮስኮፕ ተመለከትን። ጨው ባለው ውሃ የተበረዘው ደም በመስተዋቱ ሥር ገና ይፈስ ነበርና፥ አንዱን ቀይ ሕዋስ አገኘነው ስንል ይሰጥምና ይደበዝዛል፤ ማስተካከያውን ስንጠመዝዝ ደግሞ ያልፈናል። መምህራችን ሳቁብን፤ ሊቃውንቱም በዚሁ ሲቸገሩ መኖራቸውን ነገሩን። ማይክሮስኮፕ አጉልቶ ባሳየ መጠን አጥርቶ የሚያየው ጥልቀት ይሳሳልና።

መውጫውን ያገኘው ሀንጋሪያዊው ዴኒስ ጋቦር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በእንግሊዝ አገር ሲሠራ ያሰበው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ለማሻሻል ነበር። ፎቶግራፍ የብርሃንን ድምቀት ብቻ ይይዛል፤ በዕቃው ያለፈው ብርሃንና ዕቃውን ያልነካው ብርሃን ሲገናኙ የሚሠሩት ጥልፍልፍ፥ ማለት ሆሎግራም፥ ግን ሞገዱ ምን ያህል እንደ ዘገየም ይይዛል። ሌዘር በ1960 ተሠራና ሐሳቡ ተስፋፋ፤ ጋቦርም በ1971 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ጥልፍልፉን ካሜራ ይቀበለዋል፤ ኮምፒዩተርም በሒሳብ ምስሉን መልሶ ይሠራል። ስለዚህ ሕዋሱ ካለፈ በኋላ እንኳ፥ ከአንዲቱ ሥዕል የፈለጉትን ጥልቀት መርጠው ያጠሩታል። ከብርሃኑ መዘግየትም የሕዋሱን ውፍረት ያሰላሉ፤ ቀለም መቀባት አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? የቀይ ሕዋስ ስፋት 8 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ 125ቱ ቢሰለፉ 1 ሚሊሜትር ይሞላሉ። ከደም ሥሮቻችን ግን ከዚህም የጠበቡ አሉ። ሕዋሱ የሚያልፈው ለስላሳ ስለ ሆነ ነው፤ በጠባቡ ቦይ ሲገባ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ይጎብጣል፥ ሲወጣም ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ተመራማሪዎች ከፀጉር የቀጠነ ቦይ ሠርተው ይህን መጉበጥ ይለካሉ።

ወባ ስንቱን ቤት እንዳንኳኳ ከእናንተ ከወላጆቻችን ይልቅ የሚያውቅ የለም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የገባበት ሕዋስ ይደድራል፤ ከደም ሥሩ ግድግዳም ይጣበቃል፤ በአንጎል ሥሮች ይህ ሲሆን ሕይወት ያጠፋል። በጤና ጣቢያ ደሙን አድርቀውና ቀለም ቀብተው ሲመለከቱ ተውሳኩ ይታያል፤ የሕዋሱ መደደር ግን አይታይም። ለዚያ ሕዋሱ በሕይወት ሳለ፥ እየፈሰሰ መታየት አለበት።

አንድ ችግር ግን አለ፤ ሕዋሳቱ ሲበዙ ጥልፍልፋቸው ስለሚደራረብ፥ ደሙን በብዙ ፈሳሽ ያቀጥኑታል። እኛም በተራው ማይክሮስኮፓችን ደሙን አቅጥነን አንዱን ሕዋስ እስከ መስተዋቱ ዳር ተከተልነው፤ ከዚያ አመለጠን።